የደኑ መዶሻ ጠባቂ፦ የወይዘሮ በቱል ረሺድ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ በቱል ረሺድ ከእናታቸው ከወይዘሮ ሐምዲያ ኑርሁሴንና ከአባታቸው ከአቶ ረሺድ ኢስማዒል በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው) በ1960 ዓ.ም. ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ እናታቸው ተቀጥረው ይሠሩበት በነበረ ግቢ ጓሮ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተወለዱ። እናታቸው ከወሎ፣ ከቃሉ የመጡ ሲሆኑ አባታቸው የካርቱም ሰው፣ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። በቱል ስድስት፣ ታናሽ እህታቸው ሉጥፊያ ሦስት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው በሞት ተለዩ፤ ልጆቹንም እናታቸው ብቻቸውን አሳደጉ። ይህን የጻፈችው ያችው ሉጥፊያ ናት። አማርኛዋ ካርቱም ያደገ ስለሆነ ቢጎረብጥ ይቅር በሏት።

ስለ ወይዘሮ በቱል እውነቱን ለመናገር ከፍርሃታቸው መጀመር ያስፈልጋል። ፈሪ ነበሩ። ፈሪ የሆኑትም ወደው አልነበረም። እናታቸው የመኖሪያ ወረቀት አልነበራቸውም፤ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን እየለቀመ የሚጭንበት “ከሻ” የሚሉት አሰሳ በመጣ ቁጥር የዚያች ክፍል በር ይንኳኳ ነበር። ወይዘሮ ሐምዲያ ራዲዮውን ያጠፋሉ፣ ጫማ ወደ ውስጥ ይሰበስባሉ፣ ሁለቱን ልጆች ከበሩ ጀርባ ግድግዳ አስደግፈው ያቆማሉ። “ሰብረው ቢገቡ እንኳ በሩ ራሱ ይሸፍናችኋል” ይሏቸው ነበር። በቱል ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው የእህታቸውን አፍ በመዳፋቸው ይይዙ ነበር። ያን መዳፍ ሉጥፊያ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ትምህርታቸውን በካርቱም ጨርሰው በ1984 ዓ.ም. በደን ሳይንስ ተመረቁ። ዛፍ የመረጡት ዛፍ ወረቀት ስለማይጠይቅ ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር። በዚያው ዓመት በመንግሥት የደን መሥሪያ ቤት ተቀጥረው በችግኝ ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። በ1990 ዓ.ም. ከመምህር ኢሃብ ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ልጅ፣ መላክን፣ ወለዱ። ሰርጋቸው ላይ በር በተንኳኳ ቁጥር ሙሽራይቱ ብድግ ትል እንደነበር የታደመ ሁሉ ያውቃል።

በ2011 ዓ.ም. ከካርቱም በስተደቡብ በነጭ ዓባይ ዳር ያለውን የሱንት ግራር ደን የሚያስተዳድረው መርሐ ግብር ኃላፊ ሆኑ። ከኃላፊነቱ ጋር አንድ መዶሻ ተረከቡ። የሥራው ሰው ያልሆናችሁ ልብ በሉ፤ እንዲቆረጥ የተፈቀደ ዛፍ ሁሉ በዚህ መዶሻ ይመታል፣ በመዶሻው ራስ ላይ የተቀረጸው የመንግሥት ምልክትም ግንዱ ላይ ይቀራል። ምልክቱ የሌለው ግንድ ኬላ አያልፍም። መዶሻው አንድ ነው፤ የሚጠየቅበትም ሰው አንድ ነው።

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ታርጋ በሌለው መኪና ሦስት ሰዎች ቢሮ መጡ። ስድስት መቶ ዛፍ ተመትቶ በሳምንት ውስጥ እንዲቆረጥ፣ መሬቱም ለግንባታ እንዲለቀቅ የሚል ወረቀት ይዘው ነበር። ወረቀቱ ላይ የማንም መሥሪያ ቤት ማኅተም የለም። ወይዘሮ በቱል እምቢ ለማለት ድፍረቱ አልነበራቸውም። “ቡክራ፣ ኢንሻአላህ” አሉ፤ በካርቱም ደግሞ ነገ ማለት መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሰዎቹ ግን ነገን ቃል በቃል የሚወስዱ ዓይነት ነበሩ። ከመካከላቸው ወፍራሙ ሲወጣ፣ ልጃቸው መላክ የምትማርበትን ፋኩልቲ ስም ጠርቶ በርትታ እንድታጠና መከራቸው።

የዚያን ዕለት መዶሻውን በሻሽ ጠቅልለው፣ የቢሮው መኪና ስለሚታወቅ በሐፍላ፣ በሕዝብ አውቶቡስ፣ ተጋፍተው ካላክላ ሰፈር እናታቸው ቤት ደረሱ። ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። “እማ፣ ፈራሁ። ብሰጣቸው ደኑ አለቀ፤ ባልሰጣቸው ልጄን” አሉ። ወይዘሮ ሐምዲያ መዶሻውን ተቀብለው “ፈሪ ለእናቱ ነው፤ ወደኔ መጥተሽ ደግ አረግሽ” አሏቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የካላክላው የብረት በር ተንኳኳ። ከእናቷ ጋር የምትኖረው ሉጥፊያ ራዲዮውን አጠፋች፣ እዚያው የሰነበቱት ወይዘሮ በቱልም ሳይታወቃቸው ጫማቸውን ሰብስበው ከበሩ ጀርባ ቆሙ። ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር፤ በሥራቸው አርባ ሠራተኛ ያስተዳድሩ ነበር። ማንኳኳቱ ወደ መደብደብ ሲለወጥ፣ ዕድሜ ልካቸውን ለአንኳኪ ከፍተው የማያውቁት እናት ተነሥተው በሩን ግድግዳው ድረስ ወለል አድርገው ከፈቱት፤ ልጃቸው በበሩና በግድግዳው መካከል ቀሩ። እናት ተመልሰው ግቢው መካከል ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ከሰል መስበር ጀመሩ። የሚሰብሩት በዚያው መዶሻ ነበር።

“ያ ሐጃ፣ ልጅሽ ያመጣችው ዕቃ የት ነው?” አለ ወፍራሙ።

“ወላሂ ልጄ ፈሪ ናት። ፈሪ ምን ያመጣል? ያላ፣ ግቡና ፈትሹ” አሉ፣ ከሰሉን ሳይተዉ።

ፍራሽ ተገለበጠ፣ ሣጥን ተራገፈ፣ ዱቄት ተበተነ። ሰዎቹ ሲገቡም ሲወጡም በመዶሻው አጠገብ አለፉ። ወፍራሙ አንዴ በሩን ተደግፎ ሲጋራ ለኮሰ፤ ወይዘሮ በቱል በብረቱ ማዶ ትንፋሹን ይሰሙ ነበር። ሉጥፊያ በዚያች ቅጽበት የምታውቀውን ሱራ ሁሉ ረሳች። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው ሲሄዱ ወይዘሮ በቱል ከበሩ ጀርባ ለመውጣት ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ከሰሉ ሁሉ የመንግሥት ምልክት ተመትቶበት ተገኘ። በዚያ ዓመት ካላክላ ውስጥ በሕግ የነደደ ከሰል ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ወይዘሮ በቱል፣ ማኅተም ያለው ትእዛዝ ካልመጣ አንድም ዛፍ እንደማይመታ በእጃቸው ጽፈው ለበላዮቻቸው አስገቡ። ፊደሉ ተንቀጥቅጧል፤ ግልባጩ ቤታችን አለ። ሦስት ጊዜ ተጠርተው ተጠየቁ፤ መላክ አንድ ዓመት ሙሉ ከአባቷ ጋር እንጂ ብቻዋን አልወጣችም። ማኅተም ያለው ትእዛዝ ግን ሳይመጣ ቀረ፤ ወረቀቱ የእኔ ነው የሚል ባለቤት አልተገኘም። መዶሻው በ2014 ዓ.ም. ወደ ቢሮው ሣጥን ተመለሰ። በ2016 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው ስለ ጀግንነታቸው ሲናገሩ በእጃቸው ከልክለው፣ “ተደብቄ ነበር እኮ” ብለው ተቀመጡ። ስድስት መቶዎቹ ሱንቶች ዛሬም ቆመዋል።

ወይዘሮ በቱል ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ሐሙስ ዕለት በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄደዋል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ነርሷ በር ስትነካ እንኳ የእህታቸውን እጅ አጥብቀው ይይዙ ነበር። እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና እህታቸው በሐዘን ቀርተዋል።

የሐዘን ቤት በር አይዘጋምና ይኸው ለሦስት ቀን የካላክላው በር ተከፍቶ ውሏል። የደን ጠባቂዎች መጥተዋል፤ ትናንት ያ ወፍራም ሰውዬ ሳይቀር መጥቶ የፋቲሓ ጸሎት አድርሶ፣ ውሃ ተሰጥቶት ሄዷል። ወይዘሮ ሐምዲያ ማንንም አልከለከሉም። የገባ የወጣውን ሁሉ ግን አንድ ነገር ይለምናሉ፤ በሩን ግድግዳው ድረስ እንዳትገፉት ይላሉ። ምክንያቱን ለማታውቁት ይህ ጽሑፍ ነግሯችኋል፤ እባካችሁ ስትወጡ ቀስ በሉ።

አላህ ቀብራቸውን ሰፊ ያድርግላቸው፤ ማንም በማያንኳኳበት ቤት ያኑራቸው። አሚን።