ኦክስጅኑ የት ገባ?

ሰኞ፣ ሰኔ 20 ቀን 1980

ጨረስኩ! ስልሳ አንድ የማታ ተማሪ፣ ስልሳ አንድ የኬሚስትሪ ፈተና። ጣቴ በቀይ እስክሪብቶ ተለቅልቋል፣ ወገቤ የእኔ አይመስለኝም። ግን ከመምህራኑ ሁሉ ቀድሜ ውጤት ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ደግሜ ልጻፈው፤ ከሁሉ ቀድሜ።

የወደቁት አራት ናቸው። ሦስቱ ዓመቱን ሙሉ ሲያንቀላፉ የከረሙ። አራተኛው ያሳዝናል፤ ዳንጊሶ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ የሚያጠምደው። አርባ ስምንት አመጣ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። ሰባተኛውን ጥያቄ ባላንስ በማድረግ ፈንታ ከሥሩ “ኦክስጅኑ የት ገባ?” ብሎ ጽፎበታል። ሳቄ መጣ። ከአምስት ማርክ ዜሮ በትልቁ ሰጠሁት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 21

ዓሣ ልገዛ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ዳንጊሶ ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ ቅርፊት ሲያራግፍ አገኘሁት። እጁን በሱሪው ጠርጎ ተነሣ። መውደቁን ሰምቷል። አልተቆጣም።

“ቲቸር፣ በግራ ያለው ሁሉ በቀኝ መገኘት አለበት ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ቆጠርኩ፣ ቆጠርኩ። ኦክስጅን በግራ አለ፤ በቀኝ የለም” አለኝ።

ቀጥሎ የነገረኝን ባልሰማሁት ይሻለኝ ነበር። ቀበሌው ከትምህርት የወጡትን ስም እየሰበሰበ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና። የማታ ተማሪ ከወደቀ መድገም እንደማይፈቀድለት እኔም አውቃለሁ። አባት የለውም፤ ሦስት ታናናሾቹን የሚያበላው እሱ ነው።

ቤት ገብቼ ጥያቄውን አወጣሁት።

KMnO₄ + HCl → KCl + MnCl₂ + Cl₂

ውሃው የለም! በቀኝ በኩል መጨረሻ ላይ ውሃ መኖር ነበረበት፤ ኦክስጅኑ የሚገባው እዚያ ነው። ፈተናውን ለማባዛት ስቴንስሉ ላይ ስጽፍ ረስቼዋለሁ። ያለ ውሃ ይሄ ነገር እስከ ምጽአት ቢቆጥሩት ባላንስ አይሆንም። ታዲያ ሌሎቹ እንዴት አገኙት? ከደብተር የሸመደዱትን ቁጥር ደርድረው ነዋ። እኔም ቁጥሩን ከመልስ ወረቀቴ ጋር እያስተያየሁ ራይት፣ ራይት። ከስልሳ አንድ ሰው የቆጠረው እሱ ብቻ ነው። እኔ እንኳ አልቆጠርኩም።

ዓሣው ሳይበላ አደረ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 22

ርዕሰ መምህሩ ጋ ገብቼ ስሕተቴን ነገርኩት። “ጓድ ማርታ፣ የወደቁት ዝርዝር እኮ ትናንት ለቀበሌው ተላልፏል። የሌሎቹ ገና ነው፤ ያንቺ ቀድሞ ደረሰ” አለኝ። ማመስገኑ ነው መሰለኝ።

ውጤት ለማስተካከል ግለ ሂስ ልጽፍ ነው፤ በኮሚቴ ይታያል። “ቸልተኝነት ነው በይ። አሻጥር እንዳይሉሽ ተጠንቀቂ” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ፈራሁ። እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ፤ በጣም ፈራሁ። ይቺን ደብተር ከዛሬ ጀምሮ ዱቄት ዕቃው ውስጥ ነው የማኖራት።

ግለ ሂሱን አራት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 23

ኮሚቴው አልተሰበሰበም። ቀኑን ሙሉ በራቸው ላይ ቆምኩ። ማድረግ የምችለው፦

ቀበሌ ሄዶ መለመን። በባዶ እጅ? ወረቀት አምጪ ነው የሚሉኝ።

ዳንጊሶን ለጥቂት ቀን ዘወር በል ማለት። ሸሸ ብለው ከታናናሾቹ ትልቁን ቢይዙበትስ?

ዝም ማለት። ይሄ ይቀለኛል። ራሴን የጠላሁት ስለቀለለኝ ነው።

አርብ፣ ሰኔ 24

አምስት ሰዓት ላይ ተፈረመ! ሃምሳ ሦስት፤ አልፏል። የማኅተሙ ቀለም ሳይደርቅ ወደ ቀበሌ ሮጥኩ።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ዞር ብሎ አላየውም። “ልጆቹ ጠዋት ተወስደዋል” አለ።

ከጀልባው ላይ አውርደው ነው የወሰዱት። መረቡን እንኳ አላወጣም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ አፈሰስኩ፤ የምለቅመው ግን የለኝም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 25

ከተማው ዳር አንድ መጋዘን ውስጥ ነው ያጎሯቸው። ወረቀቱን እዚያ ለሚያዘው ሻምበል ሰጠሁት። ሳያነበው አጥፎ ኪሱ ከተተው። “እናየዋለን” አለ።

ዳንጊሶን በሽቦው አጥር በኩል አገኘሁት። ራሱን ላጭተውታል፤ ለጥቂት ሳላውቀው ላልፍ ነበር። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ እያለቀስኩ ነገርኩት።

“አልፈሃል እኮ። ውሃ ነው የረሳሁት” አልኩት።

“ውሃ?” አለኝ።

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቁጢጥ ብሎ በጣቱ አፈሩ ላይ ጻፈ። ቆጠረ፣ አጠፋ፣ እንደገና ቆጠረ። ጠባቂው ተነሥ እያለ ይጮህበታል።

“ስምንት” አለኝ ቀና ብሎ። “ስምንት ውሃ ነው አይደል ቲቸር?”

ስምንት ነው። አዎ ሳልለው ጎትተው አስገቡት።

መኪኖቹ የሚነሡት ሰኞ ነው ይላሉ። ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ። ሻምበሉ ወረቀቱን ያነበው እንደሆነ አላውቅም። ቢያንስ ዳንጊሶን አዎ ልበለው።