መርፌውን ማን አዞረው

ሚያዝያ 22 ቀን 1978፣ ረፋድ

የወ/ሮ አበበችን ሬዲዮ ጨረስኩ። የጣቢያ መርፌው ክር ነበር የተበጠሰው። እንደ ልማዴ በጨንቻ ጥጥ ተካሁት፤ የአማቴ ፈትል ከፋብሪካው ይጠነክራል። ሙቀቱ አናት ይበሳል። አምሳ አለቃ ጓንጉል በሱቄ ደጅ አለፈ፤ የቀበሌያችን ጥበቃ አዛዥ፣ ከሰሜን የመጣ የድሮ ወታደር። ሰላም አልኩት። ፊቱን አዞረ። የሚያኮርፈው በዚያ በእንጨት ሬዲዮው ነው። ጠግኜ በሰጠሁት ማግሥት የውስጥ አምፑሉ ተቃጥሎ ድምፁ ጠፋ። መለዋወጫ የለም አልኩት፤ እውነትም የለም።

አሁን ሱቅ ዘግቼ ምሳ። ባለቤቴ አስቴር የሃለኮ ቅጠል ቀቅላለች። በዚያ ሆድሽ ቆመሽ አትዋይ ብላት ማን ሰምቶኝ።

ሚያዝያ 25፣ ጠዋት

መ/ር ታደሰ መጣ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ትናንት ከኔ የወሰደውን ሬዲዮ ቢከፍት መርፌው የሰሜኖቹ ወንበዴዎች ጣቢያ ላይ ነው። ጎረቤት ሰምቷል። ያንን ጣቢያ በመክፈት ብቻ የታሰረ ሰው አውቃለሁ፤ አንተም ማስታወሻዬ፣ ይህን ከያዝክ ተባባሪ ነህ። እኔ ሁልጊዜ አዲስ አበባ ጣቢያ ላይ አድርጌ ነው የምመልሰው። ማልኩለት። ያመነኝ ይመስላል፤ ሲወጣ ግን እጄን አልጨበጠም።

ሚያዝያ 27፣ ማታ

ወ/ሮ አበበችም ያው። ይባስ ብሎ ቀበሌ ጠርተው ጠየቋት፤ የት አስጠገንሽ ሲሏት ስሜን ሰጠች። ምን ታድርግ። አልተቀየምኳትም።

ተቀይሜያታለሁ።

ማነው? የሱቄ ቁልፍ ኪሴ ነው ያለው። ትርፉ ቁልፍ፣ እንደ ሁሉም ሱቅ፣ በትእዛዝ ጥበቃ ጽ/ቤት ተሰቅሏል። ይህን ጽፌ እጄ ቆመ። አላምንም።

ሚያዝያ 29፣ ቀትር

ለምሳ ወጥቼ መነጽሬን ረስቼ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ጓንጉል፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮውን ከሬዲዮ አስጠግቶ መርፌውን ያዞራል። አልደነገጠም። «ዛሬ ፍቅሬ ይናገራል» አለኝ።

ፍቅሬ አንድ ልጁ ነው፤ በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ የቀረ። ያ ጣቢያ የምርኮኞችን ድምፅ ያሰማል ሲባል ሰምቷል። ልጁ ሊናገር በነበረበት ማታ ሬዲዮውን ያቃጠልኩበት እኔ ነኝ፤ ሆን ብዬ፣ ሰው ልኮኝ። እንዲህ ነው የሚያምነው። ስለዚህ የሰፈራችንን የሲቀላን ሬዲዮ ሁሉ እዚያ ጣቢያ ላይ ያደርጋል፤ አንዱ ቤት ፍቅሬ ይሰማል፣ በዚያው እኔ እስር ቤት እገባለሁ። «አንተ የታሰርክ ዕለት የልጄ አፍ ይፈታል» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ። ቁልፉን ኪሱ ከቶ ወጣ።

እጠላዋለሁ። ለማን ልክሰሰው? ክሱን የሚቀበለው እሱ ነው።

ግንቦት 1፣ ማታ

ለአስቴር ነገርኳት። አለቀሰች። ለኔ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለጓንጉል ነው።

ፍቅሬ ሞቷል። ከግንባር እግሩን አጥቶ የተመለሰው ሰለሞን በእጁ ነው የቀበረው። ሲቀላ በሙሉ ያውቃል፣ ከአባቱ በቀር። የመንግሥት ወረቀት ሳይመጣ እገሌ ሞተ ያለ፣ ሽብር ነዛ ተብሎ ይታሰራል፤ አሳሪው ደግሞ ራሱ ጓንጉል። ማን ደፍሮ ይንገረው? ድንኳን አልተተከለ፣ ደረት አልተመታ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኛ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ግንቦት 3፣ ከሰዓት

መጥሪያ ደረሰኝ። ነገ ረፋዱ ላይ፣ ቀበሌ ጽ/ቤት። ገብቶ የወጣ ጥቂት ነው።

የአስቴር አጎት ጋሽ ሻንካ ዘንድ ሮጥኩ፤ የጨንቻ ሸማኔ፣ ሽማግሌም ናቸው። ገረሴ ዘመድ አለን፤ ሽሽ እንዲሉኝ ነበር የፈለግኩት። ከሽመና ጉድጓዳቸው ሳይወጡ አዳመጡኝ። «ይህ ሰው የሞተ ልጅ ተሸክሞ ነው የሚዞረው» አሉ። «ማን ያውርድለት?» መርዶ ይነገረው ነው ሐሳባቸው፤ በወጉ፣ ንጋት ላይ፣ እርጥብ ሣር ይዘን ተንበርክከን። በጋሞ ደንብ ሣር የያዘ ሽማግሌን ረግጦ የሚያልፍ የለም። እሱ የዚህ አገር ሰው አይደለም፣ መሣሪያም አለው አልኩ። መርዶ የሌለው አገር አላውቅም አሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ደጅ ደርሼ ተመለስኩ።

ግንቦት 4፣ ሊነጋ ሲል

ግቢያችን ሞልቷል። ሰለሞን በክራንቹ። መ/ር ታደሰ። ወ/ሮ አበበች ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ጋሽ ሻንካ ሣሩን አጭደው መጥተዋል፣ ጤዛው አልረገፈም። አስቴርን ቅሪ አልኳት፤ ቀረች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ብላ።

አዝኜለት አይደለም የምሄደው፤ አንተን አልዋሽም። ፈርቼ ነው። ካመነን ሊያሳስረኝ ምክንያት አይኖረውም። ካላመነን ሁላችንንም ይነዳናል፣ ወይ ይተኩሳል።

ማን ይናገር አሉ ጋሽ ሻንካ። ሰለሞን «ፍቅሬ» ብሎ ጀምሮ ተወው። እኔ እናገራለሁ አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

እየጠሩኝ ነው።

አስቴር፣ ሳልመለስ ይህን ካነበብሽው፣ አደራ ሰውየውን እንዳትጠይው። እሱ አላወቀም። አውቀን ያልነገርነው እኛ ነን። እኛ