እናታችን በቁሟ ያወጣችው ተዝካር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለወልደጻድቅ፣ ሐረር ከነጋዴዎቹ ጋር ላለኸው። እንደምን ሰነብተሃል? አገሩስ ተስማማህ ወይ? ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝህ ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? እኔ እህትህ አስካለማርያም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሁላችንም ደህና ነን እንዳልልህ ግን የእናታችን ነገር አለ።

ያ የጡቷ እበጥ ፈነዳ። አዋቂዎቹ ነቀርሳ ነው ያሉት እውነት ሆነ። መድኃኒተኛው ቅጠል ቢያስርላትም ቁስሉ ሰፋ እንጂ አልደረቀም። በየማለዳው ጠበል እወስዳታለሁ። ከስታለች፣ አልደብቅህም።

ኅዳር ላይ የላክኸው ደብዳቤ ደረሰን። ለእኔ ብቻ ይነበብ ብለህ ነበር። እናታችን ጓዳ ተኝታለች ብለን ስናነብ ለካ ነቅታ ኖሯል። ለተዝካሯ የሚሆን በሬና ማር ሳላሰናዳ አልመጣም፣ ዘመድ ፊት አላፍርም ያልከውን ሁሉ ሰማች። አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?

በማግስቱ፣ ለገና የቁም ተዝካሬን አውጡልኝ አለችን። እኔም ተቆጣሁ። በቁም ተዝካር የሚያወጣ ልጅ የሌለው ሰው ነው፣ ምነው ወልደሽ መካን ትሆኛለሽ ብዬ ጮኽኩባት። ንቅንቅ አላለችም። ያንን ቀዩን በሬ አሳረደችው። ዘመድም አልተጠራም፤ የምትፈልገው በየቤቱ ተደብቀው የሚማቅቁትንና ጠበል ያሉትን በሽተኞች ነበር። እኔን ያመመኝ ያመማቸው ይብሉልኝ፣ ዓመት በዓል ሲያልፋቸው ኖሯል አለች።

በገና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሚካኤል ደጅ ድግሱን አቀረብን፣ ካህናቱም ጸለዩላት። ከምንጃር ለጠበል የመጣች በሰለች የምትባል ሴት ከሰው ርቃ ግንቡ ሥር ተቀምጣለች። የእሷም የጡት ነቀርሳ ነው። የቁስሏ ሽታ ሰው እንዳያስቸግር ብላ ራሷ ነው የራቀችው። እናታችን ትከሻዬን ተደግፋ ሄደችና አጠገቧ ተቀመጠች፤ ከአንድ ገበታ በሉ፣ ተጎራረሱም። ከዚያ ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? በጡቷ በኩል ያለው እጇ አብጦ ስላስቸገራት፣ ክረምቱን በደህናው እጇ እያቃሰተች የበግ ጠጉር ፈትላ፣ ለብርድህ ብላ ደብረ ብርሃን ያሸመነችልህን ባና አወጣችና በሰለችን አለበሰቻት። እሱ የወልደጻድቅ ነው ብዬ ጫፉን ብይዝ፣ ልጄ ጤነኛ ነው፣ ይሙቀው አይሙቀው እሷን ያህል አይቸገርም ብላ አስለቀቀችኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ በአንተ ፈንታ ከፋኝ። ማታ ግን በሰለችን ይዘናት ቤት ከገባን በኋላ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተኝተው ሲሳሳቁ ስሰማ ወጥቼ አለቀስኩ። እናታችን ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነበር።

ባለቤቴ ቄስ ብርሃነ መስቀል ሰላም ይሉሃል። ይህንንም የሚጽፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ያንን ደብዳቤህን ጮክ ብለው በማንበባቸው እስካሁን ያፍራሉ። ልጄ ይመኙሻል የፊት ጥርሷ ወለቀ፣ ለአጎቴ ጻፉልኝ ብላለች። በሰለችም አይታህ ባታውቅ ጉልበትህን ስማለች። ከቤታችን ናት፤ በባናህ ተሸፍና ከእናታችን ጎን ታድራለች።

የእናታችን ቃል ደግሞ ይኸው፦ ተዝካሬ ወጥቷል፣ እኔም አብሬ በልቻለሁ፤ ለእኔ ብሎ የሚያሰናዳው በሬም ማርም የለም። ባዶ እጁን ይምጣ፣ ብቻ ዓይኔ ሳይከደን ይምጣ።

አንኮበር፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፰፻፹ ዓመተ ምሕረት ተጻፈ።