የአባዬ ስብና ሰላዮቹ

ነሐሴ 3፣ ጠዋት
አጥሚቱን ዛሬም መለሰው። ወተት ሸተተኝ አለ። ኧረ በውሃ ነው የሠራሁት! ማን ይስማኝ። ደብተር፣ አባዬ ሊገድለኝ ነው። አንጀቱ ላይ ካንሰር አለ፣ ነሐሴ 20 ጎንደር ኦፕራሲዮን ነው። ዶ/ሩ ከዚህ በላይ ከከሳ አልነካውም ብሏል። ለሁለታችንም ነው የነገረን።

ጣጣውን ያመጣችው ያቺ የሆስፒታሉ ልጅ ናት። ለጥናት ደም ስጡን ብላ መጣች። ከሰው ስብ ጥቃቅን ከረጢቶች እየወጡ በደም ይዞራሉ፣ ለካንሰሩ መልእክት ያደርሱ እንደሆነ ገና እያየን ነው አለች። የሳሙና አረፋ መሰለኝ። ግማሹ አልገባኝም። አባዬ ግን ዓይኑ በራ። ሰላዮች ናቸው በያ! አላት። ሳቀች። ምን ያስቃታል!

ነሐሴ 5
ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ከዚያ አንድ እፍኝ ቆሎ፣ አለቀ። ስቤን ካደረቅሁት ሰላዮቹ ከየት ይወጣሉ ይላል። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። ደስ ብሎታል እኮ!
እህቱ እትዬ ዘውዴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። የአንቺ ሰላይማ ክፍለ ጦር ይሞላል አለች። ሁለቱም ሳቁ። ወፍራም ነኝ፣ እሺ። ይሳቁ።

ነሐሴ 7፣ ከሰዓት
የንስሐ አባቱን ለመንኳቸው። በዚያ ጭቃ መጡ፣ ታመሃል፣ ብላ ብለው ጾሙን ፈቱለት። መስቀል ተሳለመ፣ እስከ በር ሸኛቸው። ዞሮ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ይሄ ጾም አይደለም፣ መድኃኒት ነው!
ልጅቷ ጋ ደወልኩ፣ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። አባባ፣ ይራቡ ያልዎት የለም፣ ያላለቀ ጥናት ነው፣ ከከሱ ኦፕራሲዮኑን አይችሉትም አለችው። ዘጋባት። ታዲያ ደሜን ለምን ወሰዱት ብሎ እኔ ላይ ጮኸ።
ጀርባውን ሳጥበው አጥንቱ እጄን ወጋኝ። ሳሸው፣ ሆድ ሲቀደድ ሰው ይሰማዋል ወይ አለኝ። ቀስ ብሎ። አሃ! ሳንቃ በር ተራራ ላይ ገደል ለገደል በቅሎ ሲነዳ የኖረ ሰውዬ፣ ቢላ ፈርቶ ነው! እኔስ? እኔ አልፈራም? ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። በንዴት ነው።

ነሐሴ 8
ወሰንኩ። ወተትና እንቁላል ፊቱ አስቀመጥኩ፣ ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩ። አንተ እስክትበላ እህል አልቀምስም አልኩት። አንቺ? አለና ከት ብሎ ሳቀ። እስከ ምሳ ትሞቻለሽ አለኝ። እንሙታ! አልኩት።
ምሳ አለፈ። ዘጠኝ ሰዓትም አለፈ። ቆሎውን ደብቄዋለሁ። ሆዴ ይጮሃል፣ ይሰማዋል። እትዬ ዘውዴ በር ላይ ቆማ ልጅቱ አበደች ትላለች። አሁን አይስቅም። ምን ትጽፊያለሽ ይለኛል። ራሴን አዞረኝ፣ እሱም አየ። ብይ በቃ አለኝ። አንተ ብላ አልኩት። ወተቱ ላይ ዝንብ አረፈ፣ እኔ አልነሳም። በእጁ አባረረው። እጁን ግን ከኩባያው ላይ አላነሳውም። ደብተር፣ ቆይ፣ ሊጠጣ ነው!