ተዝካርህን ኪራይ አደረግሁት

ለሞላዬ፣ ለልጆቼ አባት፤

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ባለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ደኅና ነን። ደኅና ነን ስልህ ለወግ አይደለም፣ እውነቴን ነው፤ ይህን አፌን ሞልቼ ለማለት የበቃሁት ገና በቅርቡ ነው።

ልጽፍልህ ስነሣ ስተወው ቆየሁ። የምነግርህ ነገር ስላለ ፈርቼ ነው። ወሬኛ ሰማይ ቤትም አይጠፋምና ሰው ቀድሞኝ ነግሮህም ይሆናል፤ ቢሆንም ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። የሙት ዓመት ተዝካርህን አላወጣሁም። እህሉ ነበረ፣ በጉም ነበረ፣ ወንድምህ አያ ካሳ ሁሉን አሰናድተው ነበር። ለቤት ኪራይ ይዋል ብዬ የተነሣሁት እኔ ነኝ። በሕይወት ሳለህ ነገሬን ሳልጨርስ ተቆጥተኸኝ አታውቅም፤ አሁንም እስክጨርስ ታገሠኝ።

እትዬ ዘርፌ ቤታቸውን አስለቀቁን። ክፉ ሆነው እንዳይመስልህ። ልጃቸው ሚስቱንና ጨቅላ ልጁን ይዞ ከሰው አገር ተመለሰ፣ ታዲያ የት ያድርጉት? ዕቃችንን እያለቀሱ ነው ያወጡት፤ ያባበልኳቸውም እኔ ነኝ። ያን ግድግዳ በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ አንተ ስትመርገው፣ እኔ ጭቃ ሳቀብልህ፣ እታገኝ በትንሽ እጇ ስትለቀልቀው ኖረን የራሳችን መስሎን ነበር። የሰው ቤት የሰው ነው፣ ምን ይደረግ።

ሌላ እንዳልከራይ እጄ ባዶ ነው። ፈረንጁ እንደቀረ ነው፣ አልፎ አልፎ ብቅ ቢል ነው። አንተ ትሠራበት የነበረው ሆቴልም በሩን ዘግቷል። ያን ጊዜ ለፈረንጅ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ስትተርክ ውለህ ቤት ስትገባ ምላስህ አልቆ ዝም ትል ነበር፤ እኔ ደግሞ «ለእኛስ የተረፈ የለም ወይ?» እያልኩ እነዘንዝህ ነበር። አሁን ያ ዝምታህ ራሱ ናፈቀኝ። እኔ የሰው ልብስ አጥባለሁ፤ ለአፋችን አላነሰንም፣ ለኪራይ ግን አይደርስም።

መጀመሪያ አክስትህ ቤት፣ ማድቤታቸው ውስጥ ተጠጋን። እሳቸውም ቤታቸው ጠበበ፣ እኔም ይሉኝታ ያዘኝ፤ ወጣሁ። ከዚያ የተዘጋው ሆቴል ዘበኛ አንተን ስለሚያውቅ በረንዳው ላይ እንድናድር ፈቀደልን። ገና ሲደርስ እንግዳው እንደ ልማዱ ከየአገሩ በእግሩ መጣና ሜዳው ሁሉ ሞላ፤ እኛም ከእንግዳው ጋር ተቀላቀልን። ጉድ በል ሞላ! የላሊበላ ሰው በላሊበላ እንግዳ ሆነ። ደጉ አገርህ እግራችንን አጠበን፣ ዳቦና ቆሎ አቀረበልን። ከየት መጣችሁ ሲሉኝ ከሙጃ እል ነበር። ሙጃ ተወልጄ የለ፣ ውሸት አልሆነብኝም። ትንሹ ልጃችን ጌትዬማ ደስታውን አልቻለውም፤ ገና ሁልጊዜ በሆነ እያለ ይዘል ነበር። በዓሉ አለፈና እንግዳው ስንቁን ቋጥሮ ወደየአገሩ ገባ። እኛ ሜዳው ላይ ቀረን። ያን ዕለት አለቀስኩ፣ ልደብቅህ አልችልም።

ትልቁ ጭንቄ የእታገኝ ነገር ነበር። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ነበረች። ወንድሜ ከሙጃ ልኮ፣ ልጆችሽን ይዘሽ ነይ፣ ቤቴ ቤትሽ ነው አለኝ። እግዜር ይስጠው፣ ከልቡ ነው። ግን መንደሩን ታውቀዋለህ፤ ከሙጃ ከተማ ስንት ቁልቁለት ወርደህ ነው የምትደርሰው። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፣ ልጅቷ ደግሞ አድጋለች። እዚያ ከገባች ፈተናው እንደሚያልፋት፣ ካለፋትም ባል እንደሚመጣላት አውቃለሁ። እኔም እንዲያ ነው ከትምህርቴ የቀረሁት። እሷ እንዳትደግመው ብለን አንተና እኔ ስንት ተነጋግረናል!

ያን ሰሞን እታገኝ ትምህርት ቤት ከሰው ሁሉ ቀድማ ትገባ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ትወጣ ነበር። ሌላው ጎበዝ ናት ሲል መምህርቷ፣ መምህርት ብርቄ፣ ነገሩ አላማራትም። ልጅ እንዲህ የሚሆነው ቤቱ ሲጠላው ነው ወይም ቤት ሲያጣ ነው ብላ ተከትላት መጣች፣ በረንዳው ላይም አገኘችን። ሰው አየኝ ብዬ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን ምንም እንዳላየች ሆና አጠገቤ ተቀመጠችና የትምህርት ቤቱን ጉዳይ ነገረችኝ። የወላጆች ኮሚቴው ቤት ላጡ፣ የሚማር ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች ኪራይ ማገዝ ጀምሯል፤ ከወላጁ መዋጮ እየሰበሰበ፣ ደግ ሰውንም እየለመነ ነው። ግማሹን ኮሚቴው ይከፍላል፣ ግማሹን ቤተሰቡ ከራሱ ወይም ከዘመድ ያመጣል። ብዙ ሰው እንዲዳረስ ብለው ነው። ልጅ ከትምህርት ከቀረ እርዳታውም ይቀራል። ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተገኘች፤ ባለቤቱ ደግ ሽማግሌ ናቸው። የቀረው የእኔ ግማሽ ነው። ከየት ይምጣ?

በዚህ መሐል ሙት ዓመትህ ደረሰ። አያ ካሳ ስንዴና ገብሱን ለይተው፣ በጉን አስረው፣ ጌሾውን አስወቅጠው ቀኑን ይጠብቁ ነበር። ዘመድ ሁሉ እጁን ዘርግቷል፤ አንዱ ማር፣ አንዱ በርበሬ አምጥቷል። ለአንተ ለሞትከው ያልሰጠ የለም። ለእኛ ላለነው ግን ማን ምን ይስጥ? ክፉ ሆነው አይደለም፣ ልማዱ የለም እንጂ። ቅሬአችን ሰው ሲሞት ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ ወንበር አለው፣ ቀባሪ አለው፤ ቤት ያጣ ሰው ሲመጣ ግን ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሽማግሌ የለም። ይህን አያ ካሳ ማድቤት ውስጥ ጌሾ እያበጠርኩ አሰብኩት፤ ካሰብኩት በኋላ ሊለቀኝ አልቻለም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የቅሬው ሽማግሌዎችና የነፍስ አባትህ አባ ወልደ ትንሣኤ አያ ካሳ ቤት ተሰበሰቡ፤ ስለ ድንኳኑ ለመነጋገር ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ መሐል ገባሁ። ልጆቼ ቤት የላቸውም አልኳቸው። ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የሞላን ተዝካር ለሞላ ልጆች ጣራ አድርጉልኝ፣ የእታገኝ ፈተና እስኪያልፍ እንኳ አልኩ።

የአያ ካሳ ፊት እንደዚያ ሲጠቁር አይቼ አላውቅም። ወንድሜ ዘመድ እንደሌለው ሊቀር ነው? አገር ምን ይለኛል? አሉ። እኔም ደም ፍላቴ መጣ፣ ታውቀኛለህ። አገር እኛን በረንዳ ላይ ሲያየን ምን አለ? ብዬ መለስኩላቸው። ሁሉም ወደ አባ ወልደ ትንሣኤ ዞሩ። አባም፣ ፍትሐቱ ተፈትቷል፣ ቅዳሴውም ይቀደስለታል፤ ድግሱ ለነዳያን ነው፣ ነዳያኑ ደግሞ እነሆ ደጃችሁ ናቸው አሉ። እኔ እሰይ ልል ስል ቀጠሉና፣ እህሉ ግን የካሳ ነው፣ እኔ በሰው ጎተራ አላዝም አሉ። አያ ካሳ ዱላቸውን አንሥተው እንግዶቻቸውን በገዛ ቤታቸው ትተው ወጡ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ፣ ወደ ሙጃ ለመሄድ ጨርቄን መቋጠር ጀመርኩ።

ቋጥሬ ሳልጨርስ እታገኝ እየሮጠች መጣች። አያ ካሳ ከመንደራቸው፣ ከነአኩቶ ለአብ በኩል፣ እህሉን በአህዮች ጭነው፣ በጉን እየነዱ፣ ቀጥ ብለው ክፍሏን የሚያከራዩት ሽማግሌ ደጅ ቆመዋል። ተከትያት ሄድኩ፤ እኔን ቀና ብለው አላዩኝም። ስንዴውንና ገብሱን ለሽማግሌው አስረከቡ፤ በጉን ገበያ ወስደው ሸጡና ዋጋውን ጨመሩበት። ሽማግሌውም እህል ከብር ይበልጥብኛል ብለው በግማሹ ኪራይ ምትክ ተቀበሉ። ከዚያ አያ ካሳ ጎንበስ ብለው ወደ ክፍሏ ገቡ። ግድግዳውን ዳበሱት፣ ቆርቆሮውን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉትና፣ ልጅቷ የት ላይ ነው የምታጠናው? አሉ። መስኮቱ ሥር አሳየኋቸው። በሚቀጥለው ገበያ ከአሮጌ በር የተነቀለ ሳንቃ ተሸክመው መጥተው ጠረጴዛ አበጁላት።

በሙት ዓመትህ ቀን ቅዳሴ አስቀደስን፣ ለካህናቱ አንድ መሶብ እንጀራና አንድ ጋን ጠላ አቀረብን። ድንኳን አልተተከለም። ወሬውማ! የባሏን ተዝካር የበላች እየተባልኩ ቦኖ ላይ ተሰልፌ ውኃ እቀዳ ነበር። አንዲቷ ጆሮዬ እየሰማ ስታንሾካሹክ ጀሪካኔን አስቀምጬ፣ አዎ በላሁ፣ ልጆቼም በልተዋል፣ የቀረሽ ካለ ነይ ቤት አለኝ አልኳት። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከሳቁት ውስጥ አንዷ ኋላ ለብቻዋ መጥታ፣ እንዴት ብለሽ ጠየቅሽ? ብላ ጠየቀችኝ። እሷም ሁለት ልጆች ይዛ ደባል ናት። መምህርት ብርቄ ዘንድ ይዣት ሄድኩ።

የተከራየናት ቤት ጠባብ ናት፤ አንተ ብትኖር በሯ ላይ ግንባርህን ትመታ ነበር። ግን ሞላዬ፣ በር ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ካጣሁት በኋላ ነው። ጌትዬ ጫማውን ደጅ እያወለቀ መግባት ጀመረ፤ ማንም አላዘዘውም። በእንቅልፉ መባነኑንም ተወ። እታገኝ ከትምህርት ቤት ከልጆች እኩል ትወጣለች፣ ጓደኞቿን ይዛ ትመጣለች፣ ይሳሳቃሉ፤ አንዳንዴ ጆሮዬን ያደነቁሩታል፣ ዝም በሉ ልል አስብና እተወዋለሁ። ኮሚቴው ዘንድሮም ስለ ጌትዬ ግማሹን ሊከፍል ቃል ገብቷል። የእኔን ግማሽ ከእጥበቱ እያጠራቀምኩ ነው፤ ለአያ ካሳ ሁለተኛ ሸክም አልሆንም።

እንዲህም ሆኖ ልቤ አላረፈም ነበር። አያ ካሳ ይመጣሉ፣ ልጆቹን ይስማሉ፣ እኔን ግን እንደ በፊቱ በስሜ አይጠሩኝም። እኔም ብቻዬን ስሆን፣ ምናልባት አጉድየበት ይሆን? በሰማይ ቤት ሰው ፊት አሳፍሬው ይሆን? እያልኩ አንተን አስባለሁ። አንተ ደግሞ በሕልሜ እንኳ መጥተህ እሺም እምቢም አላልከኝም።

ሐምሌ ላይ የሚኒስትሪ ውጤት መጣ። ትምህርት ቤቱ ጥሩ ያመጡትን ልጆች ሊሸልም ወላጅ ጠራ፤ አያ ካሳም ለገበያ ወርደው ስለነበር እታገኝ እጃቸውን ጎትታ አመጣቻቸው። ዝናቡ ያካፋ ነበር። ርእሰ መምህሩ በድምፅ ማጉያ ስም መጥራት ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያን አንተን የምታስብህ በክርስትና ስምህ ነው፤ ያን ስም ጎረቤትም አያውቀው። ያን ቀን ግን ግቢው ሙሉ ሰው ቆሞ፣ እኛ በምናውቅህ ስም፣ «እታገኝ ሞላ ረታ!» ተባለ። ያንተም የአባትህም ስም ተራራው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ልጁ ሁሉ ያጨበጭባል። አያ ካሳ ግን አላጨበጨቡም። ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ዝናቡ ራሳቸው ላይ እየወረደ፣ ነፍስ ይማር አሉ። አጠገባቸው የነበሩት ወላጆችም ጭብጨባቸውን ትተው ነፍስ ይማር አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያልጋነሽ፣ የወንድሜ ተዝካር ዛሬ ወጣ» አሉኝ።

ይኸው ነው ሞላዬ። እታገኝ ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ነው። ጌትዬም ገና ብዙ ክፍል ይቀረዋል፣ እሱም በተጠራ ቁጥር ከስሙ ቀጥሎ አንተ አለህ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ልጆችህ ከዚያ ግቢ አይቀሩም፤ ቃሌ ነው። አንተን የምንረሳበት ቀን የለንም።

የልጆችህ እናት፣ ያልጋነሽ