የዱፉሮች ተረከዝ

ሮቤርቫል፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1993

ልጄ ሬዣን፣

ስልክ ብደውል ድምፄን እንደሰማህ ትዘጋዋለህ ብዬ ነው የምጽፍልህ። እናትህ ደህና ናት። እኔ ሆስፒታል ነኝ፤ አልጋው ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ወረቀቱን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስደግፌ ቆሜ ነው የምጽፈው። ነርሷ ሦስት ጊዜ መጥታ ይተኙ ብላኛለች። ሦስቴም እሺ ብያታለሁ። የምነግርህ ግን የእኔን ጉዳይ አይደለም፣ የልጅህን የኖኤሚን ነው።

ባለፈው ሳምንት ደጃፉን ከበረዶ ስጠርግ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝና አካፋውን እንደተደገፍኩ ቀረሁ። አምቡላንስ አመጣኝ። ዶክተር ፔልሻ የምትባል ሐኪም አለች፤ በዕድሜ ካንተ አትበልጥም፣ ስትቆጣ ግን አስተማሪዎቻችን የነበሩትን መነኮሳት ታስንቃለች። ገና በመጀመሪያው ቀን ብርድ ልብሱን ገልጣ ተረከዜን ያዘችው። እኔም ኮራሁባት። ይሄ የዱፉሮች ተረከዝ ነው፣ ከቅድመ አያቴ ጀምሮ በበረዶ ጫማ ደን ለደን ስንዞር ያበቀልነው ነው አልኳት። ለአዲስ ዓመት ካልሲያችንን አውልቀን ጅማታችን ላይ ያለውን እብጠት እንደምንለካካ፣ ያሸነፈው የመጀመሪያውን ብርጭቆ እንደሚጠጣ፣ ወንድምህ ጋኤታን ሦስት ዓመት በተከታታይ እንዳሸነፈ ሁሉ ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ጋኤታን አሁን የት ነው ያለው?» አለችኝ።

በሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣ የጀልባውን ገመድ እያሰረ ወድቆ መቅረቱን ነገርኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሙስዬ ዱፉር፣ ይሄ እብጠት ከበረዶ ጫማ የመጣ አይደለም፤ ከደምዎ የተረፈ ኮሌስትሮል ነው። ጉበት ላይ በዓይን የማይታዩ እጆች አሉ። ኮሌስትሮሉን ከሚያልፈው ደም ላይ ይዘው ወደ ውስጥ ያስገቡታል፤ ከዚያ ባዷቸውን ተመልሰው ይወጡና ሌላ ይይዛሉ። የእርስዎ ጉበት ግማሾቹ እጆች የሉትም። ያልተያዘው ደም ውስጥ ይቀርና ጅማት ላይ፣ የልብ ቧንቧ ላይ ይለጠፋል።»

ይሄ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ግንዱን ከሐይቁ የሚያወጣው ሰንሰለት ግማሹ መንጠቆ ሲረግፍበት ውሃው በግንድ እንደሚታፈን አንተም አይተሃል። ከክሬቶን መብዛት ይሆናል ብዬ ተከራከርኳት፤ እናትህ የአሳማ ስቡን ዳቦ ላይ እንዴት እንደምትቆልልልኝ ታውቃለህ። ምግብ ያባብሰዋል እንጂ አያመጣውም፣ የሚመጣው በዘር ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጋኤታን እኮ ስብ እየለቀመ የሚጥል ቀጫጫ ነበር። እዚህ ሐይቅ ዙሪያ መጀመሪያ የሰፈሩት ጥቂት ቤተሰቦች ስለነበሩና እርስ በርስ ስለተጋባን በየቤቱ አለ አለችኝ።

ጋኤታን የሞተ ዕለት «አባባ፣ አስከሬኑ ይመርመርና ምን እንደገደለው እንወቅ» ብለኸኝ ነበር። ልጄን ማንም በቢላ አይነካውም አልኩ። አንተ ማወቅ ስለማትፈልግ ነው ስትለኝ በሰው ፊት በጥፊ መታሁህ። አራት ዓመት ሆነው። ልክ ነበርክ፣ ሬዣን። ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ ልክ ነበርክ። ያኔ እሺ ብዬ ቢሆን ይህን ሁሉ ያኔ እናውቀው ነበር።

አሁን ዋናው። ሚስትህ ኦዲል በበጋ ለእናትህ የላከችውን ፎቶ በቦርሳዬ ይዤ ነው የምዞረው። ኖኤሚ ባዶ እግሯን ድንጋይ ላይ ቆማለች፤ ተረከዟ ላይም ክርኗ ላይም ቢጫ እብጠት አለ። ፖስታ ቤት ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳሳይ ከረምኩ። ኦዲል ደውላ እናትህን «ሐኪም ላሳያት ይሆን?» ብላ ስትጠይቃት፣ ከኋላ ሆኜ የኛን ደም ነው የወረሰችው፣ ምን ሐኪም አስፈለጋት ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እናትህም የኔን ቃል ነገረቻት። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ፎቶውን ለዶክተሯ ሰጠኋት። ብዙ አየችው። እናቷ የየት አገር ልጅ ናት አለችኝ። የአልማ፣ ከዚሁ ሐይቅ ዳር ናት አልኳት፤ የኦዲል አባት በአርባ አንድ ዓመቱ ትራክተሩ ላይ እንዳለ መሞቱንም ነገርኳት። ጉድለቱን ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ልጅ እንደ ኖኤሚ በአምስት ዓመቱ እብጠት አያወጣም አለችኝ። ካንተም ከኦዲልም ወስዳ ከሆነ የኖኤሚ ጉበት እነዚያ እጆች ጨርሶ የሉትም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ስንት ዓመት ይኖራል ብዬ ጠየቅኋት። ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም።

ግን ስማኝ፣ መላ አለው። ኬቤክ ከተማ ደምን አውጥቶ፣ ኮሌስትሮሉን አጣርቶ የሚመልስ ማሽን አለ። ልጆቹ በየሁለት ሳምንቱ ሄደው ይተኙለታል፣ ከዚያ ተነስተው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ቶሎ መጀመር ነው ዋናው ብላኛለች። ስለዚህ ይህ ወረቀት በደረሰህ ማግስት የማዕድን ማውጫ ፈረቃህን ተወውና ኖኤሚን ወስደህ ደሟን አስመርምራት። አንተም ኦዲልም ተመርመሩ። ዶክተሯ የጻፈችውን ከዚህ ጋር አጥፌዋለሁ፤ እዚያ እናንተ ከተማ፣ የሎውናይፍ ያለው ሐኪም ያነበዋል። ቤታችን ለኬቤክ ከተማ ከእናንተ ይልቅ ይቀርባል፣ የላይኛው ክፍል ባዶ ነው። እኔን ማየት ካልፈለግህ እኔ እህቴ ቤት እገባለሁ፤ ይህን የምለው ለይምሰል አይደለም።

እኔን ሐሙስ ደረቴን ይከፍቱኛል። ትናንት ነበር ቀጠሮው፤ ደብዳቤዬን ሳልጨርስ ማንም አይነካኝም ብዬ አስተላለፍኩት። ዶክተሯ ተቆጣች። አንተ ለመምጣት አትቸኩል፣ ወደ ሐኪም ቤቱ ግን ቸኩል።

አምላክ ከልጅህ ጋር ይሁን። አንተንም ይባርክህ፤ ብትጠላኝም ልጄ ነህና እወድሃለሁ። ይህን አፍ አውጥቼ ነግሬህ አላውቅም።

ይህንኑ ደብዳቤ ደግሜ ገልብጬ ለኦዲል በስሟ ልኬዋለሁ። አንተ ብትቀደው እሷ ታነበዋለች። ከጀርባዬ ሚስቴን አነጋገረ ብለህ ብትቀየመኝ ተቀየመኝ፤ ብቻ ልጅቱን ውሰዳት።

አባትህ
ኦኔዚም ዱፉር