የአባባ የውሃ ተራ

ወልድያ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጨጓራህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ምሳ እየዘለልክ ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ሌላውን አትጠይቀኝ ልል አሰብኩና፣ መቼም እንደማትጠይቀኝ ትዝ አለኝ። ስደውል አታነሳም፤ መልእክት ስልክልህ አንብበህ ዝም ትላለህ። ስለዚህ ይህን ጽፌ ለአክስታችን ልጅ ለጁነይድ ሰጠሁት። ነገ አዲስ አበባ ሲገባ በእጅህ ይሰጥሃል።

ባለፈው ክረምት የመስኖ ማህበራችንን የውሃ ተራ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር አዛውሪ ስባል ማንን አማከርኩ? አንተን። መዝገቡ ያለበት ሰርቨር እዚህ ወልድያ እኔ ቢሮ ነው ያለው፤ የማህበሩ ጸሐፊ ትዕግስት ደግሞ መርሳ ከተማ ባለው ቢሮ ተቀምጣ ተራውን መመዝገብና በየሳምንቱ ማተም አለባት። ዳታቤዙ ግን ከተጫነበት ማሽን ውጪ የማንንም ጥሪ አይቀበልም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በስልክ አስተማርከኝ። ከውጭ የሚመጣውንም እንዲሰማ ማስተካከያውን አስቀየርከኝ፤ በር ጠባቂው ፋየርዎል መንገድ እንዲሰጠው አስደረግከኝ፤ ማን ከየት ሆኖ መግባት እንደሚችል የሚጻፍበትን ዝርዝር አሳየኸኝ። የመርሳን ቢሮ አድራሻ ብቻ ልጽፍ ስል ሳቅክብኝ። እዚያ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የኢንተርኔቱ አድራሻ ስለሚቀየር ስታስተካክዪ ልትውዪ ነው፣ ለጊዜው ከየትም ይግባ በይው አልከኝ። አልኩት። ለሙከራ ብለህም በራስህ ስም መግቢያ አስከፈትከኝ፤ መጻፍም መሰረዝም የሚችል። ለጊዜው ያልነው ይኸው ሰባት ወር ሆነው።

አባባንም ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት የውሃ አባት ሆነው የሰባ አራት ሰው ተራ በቃላቸው ይዘው ኖሩ። ማንበብ እንደማይችሉ ታውቃለህ። ሆኖም ጉባኤ ላይ ተነስተው፣ ልጄ የሠራችው ነው፣ ከእንግዲህ ከእኔ ጭንቅላት ይልቅ ወረቀቱን እመኑ አሏቸው።

የውሃ አባት የራሱን ማሳ የሚያጠጣው ሰው ሁሉ ካጠጣ በኋላ መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለህ። በልጅነታችን ያንን መጨረሻ አብረን ጠብቀናል። ዘንድሮ ወንዙ ገና በኅዳር ስለቀጠነ ውሃው ከኋላ ላሉት አልደርስ አለ፤ የአባባ ብርቱካንም ቅጠሉ መጠቅለል ጀመረ። ይህን ስነግርህ፣ እሳቸው ለሰው ሲሉ የራሳቸውን ያደርቃሉ ብለህ ተቆጣህና ስልኩን ዘጋህብኝ።

ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት አባባ ሐራ ከተማ ለቅሶ ሄዱ። እሳቸው በሌሉበት መርሳ ቢሮ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት የእሳቸውን ስም አናት ላይ አድርጎ ወጣ። ሁለት ተራ በተከታታይ። ሁለተኛው የእትዬ ወይንሸት ተራ ነበር። ውሃ የሚያከፋፍሉት ልጆች ወረቀቱን እመኑ ተብለዋልና አመኑ። አባባ በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ የእኛ ብርቱካን ሥሩ ጭቃ ሆኖ፣ የእትዬ ወይንሸት ገና የተተከለ ሽንኩርት ደርቆ መሬት ላይ ተኝቶ አገኙት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ማሳ ነው።

ደወሉልኝ። የጻፍሽው አንቺ ነሽ? አሉኝ። አይደለሁም አልኩ። ሌላ ማን መግባት ይችላል? ሲሉኝ ዝም አልኩ። እሳቸውም፣ በቃ ገባኝ አሉና ዘጉት። ሰርቨሩ ማን መቼ እንደገባ እንደሚመዘግብ ያስተማርከኝም አንተ ነህ። ያ ለውጥ ከመርሳ አልመጣም። የመጣው ከአዲስ አበባ፣ ለሙከራ ብለን በከፈትነው መግቢያ ነው።

ጉባኤው ላይ ሊቀመንበሩ ሐጂ ኡበይደላ ትዕግስትን አስነስተው ሲጠይቋት ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። አባባ ተነሱና፣ እሷን ተዉአት፣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ አሉ። ግማሹ ሰው አላመነም። ግን ሰው በራሱ አፍ እኔ ነኝ ሲል ምን ይባላል? የቦዩን መዝጊያ ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ዝም ያልኩት ለአንተ ብዬ ብቻ እንዳይመስልህ። የተራውን ዝርዝር ከመታተሙ አንድ ቀን በፊት አይቼዋለሁ። የአባባን ስም አናት ላይ ሳየው የማን ሥራ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ወደ ቦታው መመለስ እችል ነበር። ደስ አለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ የእኛ ይጠጣ ብዬ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ወጣሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ሳምንት አባባ ጋ ሄጄ፣ ሁሉንም ለሰው ልናገር ነው አልኳቸው። አሁን ያጣሁት ቁልፍ ነው፣ አንቺ ካወራሽ ሁለት ልጅ አጣለሁ አሉኝ። እሳቸውን እምቢ ብዬ አላውቅም፤ አሁን ግን እላለሁ። አስራ ዘጠኝ ዓመት የኖሩበት ስማቸው ገበያ ላይ የሌባ ስም ሆኖ ረመዳን አይገባም። የዛሬ ሳምንት፣ እሁድ የካቲት 16፣ ጉባኤ አለ። ተነስቼ የራሴን እናገራለሁ፤ ከየትም ይግባ ብዬ መክፈቴን፣ አይቼም ዝም ማለቴን። የአንተን አልናገርልህም። ያደረገው ማን ነው ብለው ሲጠይቁኝ ወደ በሩ አያለሁ።

መግቢያህን ሰርዤዋለሁ። አሁን ከመርሳ ቢሮ በቀር ከየትም አይገባም። አድራሻው ሲቀየር ትዕግስት ትደውልልኛለች፣ እኔም አስተካክላለሁ። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ያስተረፍክልኝ ያቺን አንድ ደቂቃ ነበር።

አባባ ከዚያ ወዲህ የራሳቸው ተራ ሲደርስ ውሃውን ወደ እትዬ ወይንሸት ማሳ ይመልሱታል። ይኸው ሁለተኛ ተራቸው ነው። የእኛ የላይኛው ረድፍ ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፤ የታችኛውም ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም።

ሰላም ብለውሃል። ልጽፍልህ መሆኑን ስነግራቸው፣ ስለ ማህበሩ ምንም እንዳትጽፊበት፣ ብርቱካኑ ደህና ነው በይው አሉኝ።

አላህ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ በሰላም ለቤትህ ያብቃህ።

ታናሽ እህትህ